ውሻችን ገራም ነው፤ ወፍ ብንገዛ ችግር አለው?

አንዲት ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ልጇ «ወፍ ግዙልኝ» ማለት ከጀመረች ወራት ሆኗታል። ቤታቸው ግን ውሻ አለ። አምስት ዓመት አብሯቸው ኖሯል። «ውሻችን እኮ በጣም ገራም ነው። ልጆቹ ጆሮውን ሲጎትቱት እንኳ ዝም ነው የሚለው። ወፍ ብንገዛ ችግር አለው?» አለችኝ።

ወዲያው «የለውም» ማለት አልቻልኩም። «አለው» ብሎ መዝጋትም ትክክል አይመስለኝም። ውሻና ወፍ በሰላም የሚኖሩባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሰላሙ የሚመጣው ግን ከውሻው ጠባይ አይደለም። ይህን የተማርኩት ወፌን አጥቼ ነው።

ውሻዬ ቡቺ ይባላል። ሁለት ባጂዎችም ነበሩኝ። ባጂ ትንሿ የአውስትራሊያ በቀቀን ናት። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ ጅራቷ ረዘም ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውል ወፍ። ወፎቹ ሳሎን ጥግ በሽቦ ቤታቸው ይኖሩ ነበር። ቡቺ ከሥራቸው ይተኛል። አራት ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ ሲያያቸው እንኳ አላስታውስም። እንግዳ ሲመጣ «እዩልኝ፣ ጓደኛሞች ናቸው» እያልኩ አሳይ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ቤታቸውን ሳጸዳ ሴቷ በእጄ ሥር ሾልካ ወጣች። ከመስኮቱ መስታወት ጋር ተጋጨችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ክንፏን እያርገበገበች ስትንደፋደፍ ቡቺ ካለበት ተነሥቶ በአፉ ያዛት። አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ስጮህበት ወዲያው ለቀቃት። አነሣኋት። ደም የለም። ላባዋ በምራቅ ከመራሱ በቀር ምንም የሆነች አትመስልም። ወደ ቤቷ መለስኳት፤ እንጨቷ ላይ ወጥታ ቆመች። «ተመስገን» ብዬ ምሳ ልሠራ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ሞታ አገኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፣ የእንስሳት ሐኪሞችንም ጠየቅኩ። ለጓደኛዬ የነገርኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ጉዳዩ ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። ድሮ ውሻ ከግቢ አያልፍም ነበር። አሁን በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ ከሰው ጋር ሳሎን ይውላል። ያው ሳሎን ውስጥ ደግሞ ወፍ አለች።

ገራም ውሻ ለምን ይይዛል?

ሬይመንድ ኮፒንገርና ሎርና ኮፒንገር የተባሉ የውሻ ጠባይ ተመራማሪዎች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ የውሻን አደን እንደ ሰንሰለት አድርገው ገልጸውታል። ውሻው መጀመሪያ ልብ ይላል። ከዚያ ዓይኑን ይተክላል። ያደባል። ያሳድዳል። ይይዛል። ነክሶ ይገድላል። በመጨረሻ ይቦጫጭቃል፣ ይበላል። ይህ ከተኩላ የወረሰው ነው።

ሰው ውሻን ለሥራ ሲያራባ ሰንሰለቱን በጥሶ አልጣለውም። አንዱን ቀለበት አጠበቀ፣ ሌላውን አላላ። ቦርደር ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ዓይን መትከልና ማድባት ላይ የተካነ ነው። ፖይንተር ወፍ ሲያይ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላብራዶር የተመታ ዳክዬ ሳያበላሽ ለአዳኙ እንዲያመጣ ነው የተራባው። ቴሪየሮች ደግሞ አይጥ ይዘው፣ ንጠው እንዲገድሉ። ሰዎች አቅፈዋት የሚዞሩት ያቺ ፀጉራም ትንሽ ውሻ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ መነሻዋ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች አይጥ መያዝ ነው። ስለዚህ «የኛ ውሻ ትንሽዬ ናት» ማለት ለወፏ ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም እኔ ከትልቁ ላብራዶር ይልቅ ትንሿን ቴሪየር እፈራለሁ።

የሀበሻ ውሻስ? እሱ ለአንድ ሥራ ተመርጦ አልተራባም። የትኛው ቀለበት እንደሚጠነክርበት ከውሻ ውሻ ይለያያል። አንዱ ዶሮ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ወንድሙ፣ ከአንድ እናት የተወለደው፣ ያሳድዳል። አስቀድሞ በዘሩ መናገር አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር እዚህ ላይ ነው። አደን ቁጣ አይደለም። ውሻ ሲያድን አይናደድም፤ አብዛኛውን ጊዜ አያጉረመርምም፣ አይጮህም። ልጆች ጆሮውን ሲጎትቱት ዝም ማለቱ ስለ ትዕግሥቱ ይነግረናል። የሚንደፋደፍ ትንሽ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ግን ምንም አይነግረንም። ሁለቱ በውሻው ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቡቺ ያን ጠዋት ጠባዩ አልተለወጠም። ከማንም ጋር አልተጣላም። ሰንሰለቱ ተነካ፣ ተሳበ።

የሚነካው ደግሞ እንቅስቃሴ ነው። እንጨቷ ላይ ተቀምጣ የምትዘምር ወፍ ለውሻው ከጊዜ በኋላ እንደ ቤት ዕቃ ትሆናለች። ወለል ላይ የወደቀችው ግን ያቺው ወፍ አይደለችም። እኔ አራት ዓመት ሙሉ «ለምዷታል» ስል የለመደው የሽቦውን ቤት ነበር።

ስለዚህም ነው ውሻ ባለበት ቤት የወፍ ክንፍ መከርከም የማይመቸኝ። ሰዎች «እንዳታመልጥ» ብለው የክንፍ ላባዋን ይቆርጣሉ። ላባዋ የተቆረጠ ወፍ ከፍ ብላ ማምለጥ አትችልም። ወደ ወለሉ ትወርዳለች፣ እዚያም ትንደፋደፋለች። ውሻውን ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሰው ደግሞ ይኸው ነው።

ውሻው ምን እያሰበ እንደሆነ ለማወቅ ጅራቱን አትመኑ። ጅራት መቁላት ደስታ ብቻ አይደለም፤ መጓጓትም ነው። አፉን እዩ። ዘና ያለ ውሻ አፉ ገርበብ ይላል፣ ሰውነቱ ይለሰልሳል፣ ወፏን አየት አድርጎ ዓይኑን ይመልሳል። አፉን ድንገት ከዘጋ፣ ሰውነቱ ከደረቀ፣ ጆሮው ወደ ፊት ከቆመ፣ አንድ እግሩን ካነሣ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ከሁሉም በላይ ስሙን ስትጠሩት ካልዞረ፣ ሰንሰለቱ ጀምሯል። ያኔ «ተው» ብሎ ማባበል አይደለም የሚያስፈልገው። ከክፍሉ ይዞ መውጣት ነው።

ከእንቁላል የምትቀልል ነፍስ

ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች። ከአንድ እንቁላል በታች ማለት ነው። አንድ ጀርመን ሼፐርድ 35 ኪሎ ይመዝናል ብንል ከ35 ግራም ወፍ በ1,000 እጥፍ ይበልጣል። «ሊጫወት ፈልጎ ነው እኮ» የሚባለው እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል። ለመጫወት የዘረጋው እግር ብቻውን ክንፏን ይሰብራል።

ሌላም አለ። እኛ ስንተነፍስ ደረታችንን ከሆዳችን የሚለየው ጡንቻ ይሠራል። ወፍ ይህ ጡንቻ የላትም። የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ታችና ወደ ፊት፣ መልሳም ወደ ላይ እያንቀሳቀሰች ነው። በሳንባዋ ዙሪያ ያሉትን የአየር ከረጢቶች እንደ ወናፍ የምትነፋቸው በዚህ ነው። ደረቷ ከተያዘ አየር አይገባም። ስለዚህ ውሻ ጥርሱን ሳያሳርፍ ዝም ብሎ ይዟት ቢቆይ እንኳ ታፍና ልትሞት ትችላለች። ለሰውም ይሠራል፤ ልጆች ወፍ ሲይዙ ደረቷን እንዳይጨብጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደሟም ትንሽ ነው። የወፍ ደም ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 35 ግራም የምትመዝን ባጂ 3.5 ሚሊ ሊትር ገደማ አላት። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለእኛ «ጥቂት ጠብታ» የሆነው ለእሷ ብዙ ነው።

የኔን ወፍ የገደለው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ አላስመረመርኳትም። ሐኪሞቹ ግን ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው የውስጥ ጉዳት ነው። ላባ ቁስልን ይሸፍናል። ውጪው ንጹሕ ሆኖ ውስጡ የተቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የውሻ ምራቅ ነው። በውሻ አፍ ውስጥ ፓስቱሬላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ለውሻው ምንም አይሉትም። በጥርስ በተበሳች ቀዳዳ፣ ዓይን የማያያት ብትሆንም፣ ወደ ወፍ ደም ከገቡ ግን በአጭር ጊዜ ሊገድሏት ይችላሉ። ስለዚህ ውሻ በአፉ የያዛት ወፍ ደህና ብትመስልም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ደህና መምሰሏ ራሱ ተፈጥሮዋ ነው። ዱር ውስጥ የታመመች መሆኗ የሚታይባት ወፍ የአዳኝን ዓይን ትስባለች። ስለዚህ አቅም እስካላት ትደብቃለች። እንጨቷ ላይ ወጥታ ስትቆም እኔ ዳነች አልኩ። እሷ ግን እየደበቀች ነበር።

ሳይነካትም ይጎዳታል

ሰው ስለ ውሻና ወፍ ሲያወራ የሚያወራው ስለ መናከስ ነው። እኔ ግን ከመናከሱ እኩል የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ ነው። ውሻ ከሽቦው ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲያያት አይነክሳትም፣ አይደርስባትም። እሷ ግን ይህን አታውቅም። ለእሷ ሁለት ዓይን ፊት ለፊት የተተከለበት ትልቅ እንስሳ አዳኝ ነው። መሸሻም የላትም።

የፈራች ወፍ ላባዋን ወደ ገላዋ አጣብቃ ቀጥና ትረዝማለች። ዝም ትላለች። አፏን ከፍታ ታለከልካለች። አንዳንዷ ምግብ ታቆማለች። ፍርሃቱ ሲቆይ የራሷን ላባ መንቀል የሚጀምሩም አሉ። «ውሻው ሲመጣ ጸጥ ትላለች፤ ተላመዱ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ወፍ ጸጥ የምትለው ስትፈራ ነው። የተላመደች ወፍ ውሻው እያለ ትበላለች፣ ትዘምራለች፣ ላባዋን ታበጥራለች፣ አንድ እግሯን አጥፋ ታንቀላፋለች።

ሌሊቱም አንድ ነገር ነው። ኮካቲዬል የምትባለው፣ ራሷ ላይ ጉትዬ ያላት በቀቀን፣ በተለይ ጨለማ ውስጥ ድንገት ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ከሽቦ ጋር ትላተማለች። ክንፏን ትሰብራለች። ውሻው ሌሊት ተነሥቶ ሲዞር ወይም በር ሲቧጥጥ ይህ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወፏ ባለችበት ደብዘዝ ያለ መብራት መተው፣ ውሻውንም ማታ ሌላ ክፍል ማስተኛት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የምትሞላ ትንሽ አምፖል ትበቃለች።

የቤት ጣጣ

እኔ አሁን የምከተለው ሕግ አንድ ነው። በውሻውና በወፏ መካከል ሁልጊዜ ሁለት መከላከያ ይኑር። የወፏ ቤት አንድ ነው። የክፍሉ በር ሁለተኛው ነው። ወፏ ከቤቷ ከወጣች አንዱ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ውሻው ከተዘጋ በር ውጪ ነው፣ በገመድም ታስሯል። ሰው የሆነ ሁሉ ይረሳል። ሁለት መከላከያ ሲኖር አንዱ ቢረሳ ሌላው ይይዛል።

የሽቦ ቤቱ ከባድና የማይነቃነቅ ነገር ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር። ብዙ ጊዜ አደጋ የሚደርሰው ውሻው ሽቦውን ሰብሮ ሳይሆን ቤቱን ገፍቶ ሲጥለው ነው፤ ሲወድቅ በሩ ይከፈታል። ከፍታውን ለማወቅ ውሻችሁን ግድግዳ ላይ በኋላ እግሩ አቁሙት። የፊት እግሩ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ብዙ ከፍ በሉ። አጠገቡ ሶፋ ወይም ወንበር ካለ መሰላል ሆነለት ማለት ነው፤ አርቁት። አንድ ወገኑ ከግድግዳ ጋር ይግጠም፤ ወፏ ጀርባዋ የተጠበቀ ሲመስላት ትረጋጋለች። በሩ ላይ ከራሱ መቀርቀሪያ ሌላ የሚቆለፍ ነገር ጨምሩ። በቀቀን በምንቃሯ መቀርቀሪያ መክፈት የምትችል ብልህ ወፍ ናት።

ታዲያ ወፏን ከውሻው ለማራቅ ብላችሁ ኩሽና እንዳታስገቧት። ይህን ስሕተት ብዙ ቤት አይቻለሁ። የወፍ ሳንባ አየርን ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፍ ነው። ኦክስጅንን ከእኛ በተሻለ ትወስዳለች፣ መርዙንም እንዲሁ። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይገቡ የነበረው መርዛማውን ጋዝ ከሰው ቀድማ ስለምታሳይ ነው። ከመጠን በላይ የጋለ ቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። የከሰል ጭስና ዕጣንም ይጎዷታል። ቡና የሚፈላው ሳሎን ከሆነ በዚያ ሰዓት ወፏን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዷት። ለውሻው የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ስትነፉም ከወፏ ርቃችሁ፣ ውጪ ይሁን።

በረንዳም መፍትሔ አይደለም። እዚያ ጭልፊት አለ።

ምግባቸው ይለያይ። ወፏ የበተነችውን እህል ውሻው ከወለል ይልሳል፤ ከኩሷ ጋር ማለት ነው። በኩስ ሳልሞኔላን የመሰለ ተሕዋስ ሊተላለፍ ይችላል። በየቀኑ ጥረጉ። ወፏም ከውሻው የውኃ ሳህን እንዳትጠጣ፤ ምራቅ አለበት። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ የማይጠፋ ፍሬ ነው። ቸኮሌትና ሽንኩርት ለሁለቱም ክልክል ናቸው።

ውሻውን ማስተማር

ትምህርቱ የሚጀምረው ወፍ በሌለበት ነው። ውሻው «ተው» ሲባል ዓይኑን ከፈለገው ነገር አንሥቶ ወደ እናንተ ማየት አለበት። መጀመሪያ በተጨበጠ እጅ ውስጥ ባለ ቁራሽ ሥጋ አለማምዱት። ከዚያ ወለል ላይ በተቀመጠ። ከዚያ በተወረወረ ኳስ። ምንጣፉ ላይ ሄዶ መተኛትንም ይማር። «ልቀቅ» የሚለውን ደግሞ አትርሱ፤ አንድ ቀን ነፍስ ያድናል። በአፉ የያዘውን ሲለቅ ከያዘው የበለጠ ነገር ስጡት።

ወፏን ሲያይ በገመድ ይሁን። ከዚያ በፊት በደንብ ይንሸራሸር፤ የደከመ ውሻ ይሻላል። ወፏ በቤቷ ውስጥ ናት። ክፍሉ በሚፈቅደው መጠን አርቃችሁ ጀምሩ። ወፏን አየት ሲያደርግ ስሙን ጥሩ፣ ሲዞር ሥጋ ስጡት። ሦስት፣ አራት ደቂቃ ይበቃል። ነገም እንዲሁ። በየጥቂት ቀኑ አንድ እርምጃ ቅረቡ። ርቀቱ ትክክል መሆኑን የምታውቁት በሥጋው ነው፤ የሚወደውን ሥጋ አልበላም ካለ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ወፏንም እኩል እዩ። እሷ ከቀጠነችና ጸጥ ካለች ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን የዕለቱ ትምህርት አብቅቷል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት።

ዱላ አትጠቀሙ። ይህን የምለው ለውሻው ከማዘን ብቻ አይደለም። የተመታ ውሻ የሚማረው «ወፏ ባለችበት እመታለሁ» የሚለውን ነው። እናንተ እያላችሁ ይተዋል። ስትወጡ ግን የሚያስፈራው ነገር ወጥቷል፤ ወፏ ደግሞ አለች።

ቡችላ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለማመድበት ነው። በዚያን ጊዜ ወፍን በሰላም ያየ ቡችላ ሲያድግ ይቀለዋል። ስድስት ወር ሲያልፈው ግን የማሳደድ ስሜቱ ሊነሣ ይችላል፤ ያኔ «ድሮ እኮ ደህና ነበር» ብላችሁ አትዘናጉ።

ደግሞ የማይማሩ ውሾች አሉ። ከአምስት ሜትር ርቀት እንኳ የሚንቀጠቀጥ፣ ከሳምንታት ሥራ በኋላም ዓይኑን መንቀል ያልቻለ ውሻ ካላችሁ ለሁልጊዜ ለያዩአቸው። ያ ውሻ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እናንተም አልተሳናችሁም።

ተሳክቶለት የተማረ ውሻም ቢሆን ከወፍ ጋር ብቻውን አይተውም። አንድም ቀን።

ስለ ትልልቅ በቀቀኖች አንድ ቃል። የአፍሪካው ግራጫ በቀቀን ከ400 እስከ 500 ግራም ይመዝናል፤ ምንቃሩ የውሻ አፍንጫ ይሰነጥቃል። እዚህ ውሻውም ጥበቃ ይፈልጋል። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባል የለ፤ ግራጫው በቀቀን የውሻውን ጩኸት ይማራል፣ በጌታው ድምፅ ውሻውን በስሙ ይጠራል። ውሻው የተጠራ መስሎት ሮጦ ሽቦው ጋ ይደርሳል። ይህን ወፍ የምትገዙ ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከዱር የተያዘን ግራጫ በቀቀን ለንግድ ከአገር አገር ማሻገር በ2016 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ ታግዷል። የኛው አገር ትንሿ አረንጓዴ በቀቀንም፣ ወንዱ ቀይ ግንባር ያለው፣ አዲስ አበባ ዛፎች ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚታየው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም የለም። ዛፉ ላይ ይኑር።

በዓል ሲመጣ

ይህን በሌላ አገር ጽሑፍ አላገኘሁትም፤ እኛ ቤት ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ይመጣል። ለበዓል ዶሮ ይገዛል። እግሯ ታስሮ በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ትጣላለች፣ ትንደፋደፋለች። ውሻው ከአጠገቧ ያያታል። ወራት የደከማችሁበት ትምህርት በዚያ አንድ ቀን ይላላል። ዶሮዋን ውሻው በማያይበት አኑሯት።

ከዚያም በላይ አንድ ነገር አለ። ፈንግል የዶሮ ብቻ አይደለም፤ በቀቀንንም ይይዛል። ከገበያ የመጣች ዶሮ ይዛው ልትመጣ ትችላለች። ኩሷን የረገጠ ውሻ ራሱ ባይታመምም በእግሩ ተሸክሞ ሳሎን ያስገባዋል። ስለዚህ በበዓል ሰሞን የውሻውን እግር እጠቡ፣ የራሳችሁንም ጫማ ውጪ ተዉ፣ ዶሮ የነካ እጅ ሳይታጠብ ወፍ አይንካ። ጥሬ የዶሮ ሆድዕቃም ለውሻው አትወርውሩ።

የሆነው ከሆነ

ውሻው ወፏን ከያዘ አትጎትቱ፤ ሥጋዋ ይቀደዳል። አታሳድዱት፤ ጨዋታ ይመስለውና አጥብቆ ይይዛል። «ልቀቅ» በሉ፣ ሥጋ አሳዩት። ሲለቅ ከክፍሉ አስወጡት።

ወፏን በንጹሕ ፎጣ፣ ደረቷን ሳትጫኑ አንሷት። የሚደማ ካለ በንጹሕ ጨርቅ በቀስታ ያዙት። ትንሽ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፋችሁ አስገቧት። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው፣ ይጨልም፣ ጸጥ ይበል። ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎን አኑሩ፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን ትሸሽ። በአፏ ውኃ አታንቆርቁሩ። የሰው መድኃኒት በግምት አትስጧት። ከዚያ ሐኪም፣ በዚያው ቀን።

ለውሻ የሚሆን ሐኪም ማግኘት ቀላል ነው፤ ወፍ የለመደ ሐኪም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ዛሬ፣ ሁሉም ደህና ሳሉ ይሁን። በአካባቢያችሁ ያለውን ክሊኒክ «ወፍ ታያላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለቢሾፍቱ የምትቀርቡ ከሆነ በዚያ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቁ። ስልኩን በወፏ ክፍል በር ላይ ለጥፉት።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ አንድ ነገር ለመንኳት። ወፏን አትግዢ፣ ቤቷን ብቻ ግዢ። ባዶውን አስቀምጪው፣ ሁለት ሳምንት ወፍ እንዳለ ሆናችሁ ኑሩ። በሩ ይዘጋ፣ ውሻው አይግባ። ልጆቹም፣ ሠራተኛዋም፣ የሚመጣ ዘመድም በዚያው ሥርዓት ይሂዱ። በሩ ተከፍቶ በተገኘ ቁጥር ልጅሽ ወረቀት ላይ መስመር ትጣፍ።

ትናንት ደወለች። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ መስመር ተጽፏል። በሁለተኛው አራት። ልጅቷ ራሷ የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ሪባን አስራለች፤ ሪባን ካለ ሳያንኳኩ መግባት የለም። «አንድ ሳምንት ይጨመርልኝ ብላለች፤ ባዶ ወረቀት ማየት ትፈልጋለች» አለችኝ።